መድኃኒቱ ተሰጠ፤ ደሙስ ደረሰ?

ስለ ልብ ሕክምና በተነሳ ቁጥር ክርክራችን የሚያርፈው ማሽን ላይ ነው። የትኛው ሆስፒታል ካት ላብ አስገባ፣ ስቴንት ስንት ብር ገባ፣ ለምን ሁሉም ነገር አዲስ አበባ ተከማቸ። ክርክሩ ተገቢ ነው፤ እኔም ብዙ ጊዜ ገብቼበታለሁ። ዛሬ ማንሳት የፈለግኩት ግን ከማሽኑ በፊት የሚመጣ፣ ዋጋው እዚህ ግባ የማይባልና እምብዛም የማንጠይቀው ነገር ነው። ልቡ ድንገት ታሞ መድኃኒት የተሰጠው ሰው ደሙ ወደ ልብ ጡንቻው መመለሱን ማን አረጋገጠ? በምን?

ነገሩን ከጎጆ ልጀምረው። ጎጆ የጄልዱ ወረዳ ከተማ ናት፤ ከጊንጪ ወደ ሰሜን ተገንጥላችሁ የምትደርሱባት፣ ድንችና ገብስ የሚበቅልባት ደጋ። አንድ የ55 ዓመት ገበሬ እንውሰድ፤ ኦቦ እገሌ እንበላቸው፤ ለምሳሌ ያህል ነው እንጂ የማውቃቸው ሰው አይደሉም። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ደረታቸውን ከባድ ነገር ይጫናቸዋል። ላብ ያጠምቃቸዋል፤ ሕመሙ ወደ ግራ ክንዳቸውና ወደ መንጋጋቸው ይወጣል። ቤተሰቡ ምን ይላል? «ጨጓራቸው ተነስቶባቸው ነው።» አምቦ ውሃ ይገዛላቸዋል። ያገሳሉ፤ ትንሽ ቀለል ያላቸው ይመስላቸዋል። ሌሊቱ በዚህ ያልፋል።

(በነገራችን ላይ የአምቦ ውሃ ጥፋት የለበትም። ጥፋቱ የደረት ሕመምን ሁሉ በጨጓራ ስም የምንጠራ የእኛ ነው። የልብ ሕሙማን ሆስፒታል የሚደርሱት በጣም ዘግይተው እንደሆነ አዲስ አበባ ውስጥ የተሠሩ ጥናቶችም ደጋግመው አሳይተዋል።)

ሲነጋ ጤና ጣቢያ፣ ከጤና ጣቢያ ሪፈር ተጽፎ ወደ ሆስፒታል፣ ከዚያ ወደ አምቦ ወይም በቀጥታ ወደ አዲስ አበባ። የጤና መድን አባል ከሆኑ ደረጃውን ጠብቀው መሄድ አለባቸው፤ ዘለው ከሄዱ ክፍያው ራሳቸው ላይ ሊወድቅ ይችላል። አምቡላንስ ከተገኘ ጥሩ፤ የወረዳ አምቡላንስ በዋናነት የሚታሰበው ለወላድ ነው፤ ወላድን ትቶ ለደረት ሕመም ይውጣ የሚል ሰው ደግሞ የለም። በምዕራብ ሸዋ የጸጥታው ችግር ሌሊት መንቀሳቀስን አደገኛ ባደረገባቸው ጊዜያትማ ከጎጆ አዲስ አበባ ያለው ከመቶ የሚበልጥ ኪሎ ሜትር በኪሎ ሜትር የሚለካ ርቀት አይሆንም።

እንበልና ዕድል ቀንቷቸው ኢሲጂ ያለበት፣ የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚገኝበት ሆስፒታል በጊዜ ደረሱ። ኢሲጂው ተነሳ፤ የልብ ጡንቻ ደም እንደተቋረጠበት ታየ። መድኃኒቱ በደም ሥር ተሰጠ። ማስታገሻም ተሰጣቸው፤ ሕመሙ ተዋቸው። ቤተሰቡ «ተመስገን» አለ። ሐኪሙ ቀጣዩን በሽተኛ ለማየት ሄደ።

ጉዳዬ እዚህ ላይ ነው። ያ «ተመስገን» በምን ማስረጃ ላይ የቆመ ነው?

አንድ ነገር ግልጽ እናድርግ። በተለምዶ ሁለት የተለያዩ በሽታዎችን «የልብ ድካም» እያልን በአንድ ስም እንጠራለን። አንዱ ልብ በጊዜ ብዛት ደክሞ ደም መግፋት የሚያቅተው ነው። እኔ የማወራው ስለ ሌላው ነው፦ ለራሱ ለልብ ጡንቻ ደም የሚያቀብለው ቧንቧ በረጋ ደም ድንገት ሲዘጋ። እ.ኤ.አ. በ1980 ዲውድ የተባለ ሐኪምና ባልደረቦቹ ሕመሙ በጀመረ በ4 ሰዓት ውስጥ የተመረመሩ በሽተኞችን ቧንቧ ሲያዩ በ87 በመቶዎቹ ላይ ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ አገኙት። ከዚያ በኋላ ሕክምናው ሁሉ ወደ አንድ ግብ ዞረ፤ የተዘጋውን መክፈት፣ ያውም በፍጥነት። እ.ኤ.አ. በ1986 ጣሊያን ውስጥ ከ11,000 በላይ በሽተኞች የተሳተፉበት ጂሲ የተባለው ጥናት ስትሬፕቶካይኔዝ የተባለው መድኃኒት በ21 ቀን ውስጥ የሚሞተውን ሰው ቁጥር ከ13 በመቶ ወደ 10.7 በመቶ እንደቀነሰ አሳየ። ከሁለት ዓመት በኋላ የወጣው አይሲስ 2 የተባለው ጥናት ደግሞ ተራዋ አስፕሪን ብቻዋን ሞትን በአንድ አምስተኛ ገደማ እንደምትቀንስ፣ ከስትሬፕቶካይኔዝ ጋር ስትሆን ደግሞ ጥቅሙ እንደሚደራረብ አረጋገጠ።

መድኃኒቱ ይሠራል ማለት ነው። ግን ለማን ሠራ? በዚያ ሰዓት አልጋው ላይ ለተኙት ሰው ሠርቷል ወይ? ይህን የመለሰልን እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመው የጉስቶ ጥናት ነው። መድኃኒቱ ከተሰጠ ከ90 ደቂቃ በኋላ የበሽተኞቹን ቧንቧ በካቴተር አዩት። ስትሬፕቶካይኔዝ ከወሰዱት መካከል ደሙ እንደ ጤነኛ ሰው ሙሉ ለሙሉ ሲፈስ የተገኘው በ30 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። የተሻለውንና ውዱን መድኃኒት ከወሰዱት መካከል እንኳ 54 በመቶ። ደሙ ሙሉ ለሙሉ ከተመለሰላቸው መካከል በ30 ቀን ውስጥ የሞቱት 4.4 በመቶ ሲሆኑ፣ ቧንቧቸው ተዘግቶ ወይም ሊዘጋ ጥቂት ቀርቶት ከተገኙት መካከል ግን 8.9 በመቶ፤ እጥፍ ማለት ነው።

ይህን ቁጥር ደግማችሁ አንብቡት። መድኃኒቱ የተሰጣቸውን ሰዎች ሁሉ «ታክመዋል» ብለን አንድ መዝገብ ላይ ስናሰፍር፣ በውስጡ ደም የደረሳቸውም ያልደረሳቸውም አሉ። ፊታቸውን አይታችሁ አትለዩአቸውም። ሕመሙ ስለተዋቸው ብቻም አትለዩአቸውም፤ ሞርፊን የወሰደ ሰው ልቡ እየሞተም ሊረጋጋ ይችላል።

ታዲያ በምን ይለያሉ? አብዛኛው ሰው ማሽን የሚጠብቀው እዚህ ላይ ነው። መልሱ ግን ሁለተኛ ኢሲጂ ነው። ያው የመጀመሪያው ማሽን፣ ያው ወረቀት። ቧንቧው ሲዘጋ ኤስቲ የሚባለው የመስመሩ ክፍል ከቦታው ወደ ላይ ይነሳል። መድኃኒቱ ከተጀመረ ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ባለው ጊዜ ኢሲጂው በድጋሚ ይነሳና፣ ከፍታው ጎልቶ በታየበት መስመር ላይ ሁለቱ ወረቀቶች ጎን ለጎን ይያዛሉ። ከፍታው በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ፣ ሕመሙም ከቀለለ፣ ደሙ ወደ ጡንቻው እየተመለሰ ለመሆኑ ጥሩ ምልክት ነው። ካልወረደ መድኃኒቱ አልሠራም ተብሎ ይወሰዳል፤ ሰውየው ሳይውል ሳያድር ካት ላብ መግባት አለበት። የዓለም አቀፍ መመሪያዎች የሚሉት ይህንኑ ነው። ማስመሪያ ያለው፣ ወረቀቶቹን አጠገብ ለአጠገብ ማስቀመጥ የሚችል ሰው ሊያየው የሚችል ነገር ነው።

ያልሠራላቸው ጥቂቶች ናቸው ብላችሁ እንዳታልፉት። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ስትሪም የተባለው ጥናት ከስትሬፕቶካይኔዝ የተሻለውን ቴኔክቴፕሌዝን ነበር የተጠቀመው፤ እዚያም መድኃኒቱን ከወሰዱት መካከል 36 በመቶዎቹ በአስቸኳይ ወደ ካቴተር መግባት ግድ ሆኖባቸዋል። ከሦስት ሰው ከአንድ በላይ ነው። ያውም አምቡላንሱም ሐኪሙም በተዘጋጀበት አገር።

አሁን ከወረቀቱ ጀርባ ያለውን ምስጢር ትንሽ ልቆይበት፤ ምክንያቱም ካት ላብ የገባውም ሰው ቢሆን ከጥያቄው አያመልጥም። የጄልዱ ገበሬ ይህን ከማንም ሐኪም በተሻለ ይረዳዋል። ወንዝ ጠልፎ ድንች የሚያጠጣ ሰው የዋናውን ቦይ አፍ ስለከፈተ ብቻ ማሳው ጠጣ አይልም። ወርዶ ትልሙን ያያል። ቦዩ ሞልቶ እየፈሰሰ፣ ትንንሾቹ መስመሮች በደለል ተዘግተው፣ የመጨረሻው ረድፍ ድንች ሲጠወልግ ሊያገኘው ይችላል። የልብም ነገር እንዲሁ ነው። ትልቁ ቧንቧ በመድኃኒት ወይም በስቴንት ተከፍቶ፣ ጡንቻው ውስጥ የተሠራጩት ከፀጉር የቀጠኑ የደም ሥሮች ግን ደም ላያሳልፉ ይችላሉ። ከላይ ተሰብሮ የወረደ የረጋ ደም ይወተፋቸዋል፤ ደም አጥቶ የቆየው ሕዋስ አብጦ ይጫናቸዋል፤ ግድግዳቸው ራሱ ይጎዳል።

እ.ኤ.አ. በ1974 ክሎነርና ባልደረቦቹ ይህን በውሾች ላይ አሳይተዋል። የልብን ቧንቧ ለ40 ደቂቃ ዘግተው ሲለቁት ደሙ ወደ ጡንቻው ተመለሰ። ለ90 ደቂቃ ዘግተው ሲለቁት ግን ቧንቧው ተከፍቶም ደም ያልገባበት የጡንቻ ክፍል ቀረ። ልዩነቱ 50 ደቂቃ ነው። የኛን ኦቦ እገሌን አስቧቸው፤ ሌሊቱን በሙሉ በአምቦ ውሃ ያደሩትን።

ለዚህም ነው ጥሩ የልብ ሐኪም ስቴንት አስገብቶ ፎቶው ላይ ቧንቧው ቀጥ ብሎ ሲታይ ጓንቱን ወዲያው የማያወልቀው። በቧንቧው ውስጥ የሚወርደውን ማቅለሚያ ፍጥነት ቲሚ በሚባለው መለኪያ ከ0 እስከ 3 ይሰጠዋል፤ 0 ምንም የማያልፍበት፣ 3 ሙሉ ለሙሉ የሚፈስበት። ቀጥሎ ደግሞ ማቅለሚያው ጡንቻው ውስጥ ሰርጾ እንደ ጥላ መታየቱንና ተመልሶ መጥራቱን ይመለከታል፤ የዝዎለ ከተማ የኔዘርላንድ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1998 ይህንንም ከ0 እስከ 3 ደረጃ አውጥተውለት፣ ጥላው የደበዘዘ በሽተኛ ቧንቧው ክፍት ቢሆንም ዕድሜው እንደሚያጥር አሳይተዋል። ከዚያ በኋላስ? እሱም ኢሲጂ በድጋሚ ያነሳል። የዓለም ምርጡ ካት ላብም የመጨረሻውን ምስክርነት የሚጠይቀው ያችኑ ወረቀት ነው።

ወደ አገራችን ልመለስ። ከዘመዶቼ አንዱ በዚሁ ሕመም ታክሞ ሲወጣ የያዘውን ወረቀት አይቻለሁ፤ ሆስፒታሉን አልጠራም። የመድኃኒቱ ስም አለ፣ መጠኑ አለ፣ «በጥሩ ሁኔታ ወጥቷል» የሚል አለ። መድኃኒቱ በስንት ሰዓት እንደተጀመረ የለም። ሁለተኛ ኢሲጂ ስለመነሳቱ አንድ ቃል የለም። ተነስቶ ሳይጻፍ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ግን ለቀጣዩ ሐኪም ያልተጻፈ ነገር እንዳልተደረገ ነው። ያንን ወረቀት ይዞ ሌላ ከተማ የሄደ በሽተኛ፣ እዚያ የሚቀበለው ሐኪም «ደሙ ተመልሶለታል» ብሎ ይነሳ ወይስ «አልተመለሰለትም» ብሎ? ይገምታል።

አንድ ሐኪም ወዳጄ በዚህ ነገር ስንከራከር እንዲህ አለኝ፦ «እሺ፣ አልሠራም ብሎ ወረቀቱ ነገረኝ። ከዚያስ? ካት ላቡ አዲስ አበባ፣ ገንዘቡ የለ፣ መንገዱ የለ። ማወቁ ምን ይጠቅመኛል?» ይህ ተራ ሰበብ አይደለም፤ በባዶ እጅ የሚሠራ ሰው ምሬት ነው። ሆኖም አልተቀበልኩትም። ምክንያቶቼ ደግሞ የንድፈ ሐሳብ አይደሉም።

መጀመሪያ ወረፋው። ካት ላብ ያላቸው ጥቂት ተቋማት አብዛኞቹ አዲስ አበባ ናቸው፤ አልጋ ውስን ነው፤ አምቡላንስ ውስን ነው። ነገር ባጠረበት ቦታ ነው መለየት ይበልጥ የሚያስፈልገው። መድኃኒቱ የተሰጠው ሰው ሁሉ ወደ ካት ላብ መላክ እንዳለበት የታወቀ ነው፤ ግን የሠራለት ሰው እስከ 24 ሰዓት ሊጠብቅ ይችላል፣ ያልሠራለት አይችልም። ሁለቱም አምቦ አልጋ ላይ ተኝተው አንድ አምቡላንስ ቢኖር ማን ይቅደም? ዛሬ የሚቀድመው ብዙውን ጊዜ ስልክ የሚደውልለት ዘመድ ያለው ነው። በዚህ የምንስማማ ይመስለኛል። ሁለተኛው ኢሲጂ ለዘመድ አልባው ሰው የሚናገርለት ዘመድ ነው።

የመድኃኒቱ ጉዳይ ደግሞ አለ፤ በጣም የሚያሳስበኝም እሱ ነው። ስትሬፕቶካይኔዝ በብዙ ፋብሪካዎች ይመረታል። እ.ኤ.አ. በ2005 በአውሮፓ የልብ ሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ምርመራ በዓለም ገበያ ከተሰበሰቡት የስትሬፕቶካይኔዝ ምርቶች ብዙዎቹ በጠርሙሱ ላይ ከተጻፈው ያነሰ ጉልበት እንዳላቸው አሳይቷል። እኛ በውድ ዋጋ ገዝተን፣ ሲገኝ ገዝተን፣ አንዳንዴም ቤተሰብን ከመንገድ ማዶ ካለ ፋርማሲ አስገዝተን የምንሰጠው መድኃኒት እየሠራ መሆኑን በምን እናውቃለን? በየሆስፒታሉ የሁለተኛው ኢሲጂ ውጤት ቢመዘገብ፣ በስድስት ወር ውስጥ አንዱ ምርት ከሌላው ያነሰ እየሠራ መሆኑ ፍንጭ ይሰጥ ነበር። ላቦራቶሪ አያስፈልገውም፤ መዝገብ ነው። ካልተመዘገበ ግን በሽተኛው ሲሞት «ዘግይቶ መጥቶ ነው» እንላለን። ዘግይቶ መምጣቱ እውነት ይሆናል፤ ግን ለሁሉም ሞት አንድ ምክንያት ያለው አገር ሌላውን ምክንያት አይፈልግም።

ደግሞም ያልሠራለት ሰው ካት ላብ ባይደርስም የሚጠብቀው ነገር የተለየ ነው። ልቡ የመድከም፣ ሳንባው ውሃ የመቋጠር፣ ምቱ የመዛባት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። መድኃኒቱን ዳግመኛ መስጠት ብዙም እንደማይፈይድ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመው ሪአክት የተባለ ጥናት አሳይቷል፤ ስለዚህ ያለችው ጉልበት በቅርብ ክትትልና በቶሎ መላክ ላይ ትውላለች። ነርሷ ማታ የማንን አልጋ ደጋግማ ማየት እንዳለባት ታውቃለች።

ታዲያ ምን ይደረግ? እኔ የምጠይቀው አንድ ገጽ የማይሞላ ነገር ነው። የጤና ሚኒስቴርና የኦሮሚያ ጤና ቢሮ በሪፈራል ወረቀቱ ላይ ለልብ ሕሙማን ሦስት መስመር ይጨምሩ። ሕመሙ የጀመረበት ሰዓት፤ መድኃኒቱ የተጀመረበት ሰዓት፤ ሁለተኛው ኢሲጂ የተነሳበት ሰዓትና ከፍታው በግማሽ ወርዷል ወይስ አልወረደም። ሁለቱ ወረቀቶች አብረው ይታሰሩ። ባዶ መስመር ያለው ሪፈር የሚቀበለው ሆስፒታል ደውሎ ይጠይቅ። ኢሲጂውን ማንበብ የሚያጠራጥረው ጠቅላላ ሐኪም በስልኩ ፎቶ አንስቶ ለልብ ሐኪም ይላክ፤ የበሽተኛው ስም ተሸፍኖ። ይህን ጽሑፍ የምታነቡበት መተግበሪያ ለዚህ ይበቃል።

ቀጥሎ ደግሞ የመጀመሪያውን ኢሲጂ ወደ በሽተኛው ማቅረብ ነው። የኢሲጂ ማሽን ከአልትራሳውንድም ከኤክስሬይም የረከሰ፣ በእጅ የሚያዝ ዕቃ ነው። እንደ ጎጆ ባሉ የወረዳ ከተሞች ቢኖር፣ የሚያነሳው ባለሙያ ቢሠለጥን፣ «ጨጓራ» የተባለው ሰው ሌሊቱን ቤቱ አያድርም። መድኃኒቱን እዚያው ይስጡ እያልኩ አይደለም፤ ደም የማፍሰስ አደጋ አለው፣ ጭንቅላት ውስጥ ደም የፈሰሰበት ወይም በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው አይወስደውም፣ እንደ ኪኒን በየቦታው የሚታደል ነገር አይደለም። ግን ሕመሙ በታወቀበት ሰዓትና መድኃኒቱ በሚሰጥበት ሰዓት መካከል ያለው ጉዞ አስፕሪን ተሰጥቶ፣ ተቀባዩ ሆስፒታል ተደውሎለት ሊሆን ይችላል።

«ካት ላብ አምቦ ይምጣ» የሚሉ ወገኖች ይህን ሲያነቡ ትንሽ እንደሚናደዱብኝ አውቃለሁ። ይምጣ። የዩኒቨርሲቲ ሪፈራል ሆስፒታል ያለባት፣ የዞን ዋና ከተማ የሆነች አምቦ ይገባታል። ሆኖም ማሽኑ በመጣ ማግስት የመጀመሪያው በሽተኛ ስቴንት ሲገባለት፣ ደሙ ጡንቻው መድረሱን ሐኪሙ የሚያረጋግጠው ዛሬ ባልለመድነው ልማድ ነው። ማሽኑን የሚጠብቁት ዓመታት ልማዱን ለመልመድ በቂ ናቸው።

በአምቦ፣ በጉደር፣ በጌዶ፣ በጊንጪና በሆለታ የምትሠሩ ሐኪሞችና ነርሶች በዚህ ቻናል እንዳላችሁ አውቃለሁ። አንድ ነገር ልለምናችሁ። ባለፉት ወራት የደም ማሟሟያ የሰጣችኋቸውን በሽተኞች ካርድ አውጡና ሁለተኛ ኢሲጂ የተያያዘባቸው ስንት እንደሆኑ ቁጠሩ። የበሽተኛም የሆስፒታልም ስም አልፈልግም። ከስንቱ ስንት የሚለውን ብቻ ላኩልኝ፤ የደረሰኝን በሚቀጥለው ጽሑፍ አወጣዋለሁ።